«መካፈል»ና «መጋራት»፦ የድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን ኤኮኖሚ ስለሚመለከቱ አንዳንድ ስያሜዎች

ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን የሚመለከቱ የኤኮኖሚና የሕግ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ለረቀቁት ሙያዊ ቃላት ነው። ለእነርሱ መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፤ ባለሙያ ይጠይቃል። «ሼር» የሚለውን ተራ የእንግሊዝኛ ግሥ ግን ሳያመነታ ያልፈዋል። በመሆኑም ቃሉ አንዱ ዘንድ «መካፈል»፣ ሌላው ዘንድ «መጋራት» እየሆነ፣ አልፎ አልፎም በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱ እየተፈራረቁ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ የአማርኛ ግሦች የተለያየ ነገር እንደሚሉና ልዩነታቸውም የጎረቤት አገሮች የውኃ ኤኮኖሚ ዋና ጥያቄ በቆመበት ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ለማሳየት ይሞክራል። ከዚሁ ጋር ተያይዘው ስለሚነሡ ጥቂት ሌሎች ስያሜዎችም አስተያየት ይሰጣል።

የአንድ ግሥ ምርጫ በወንዝ ጉዳይ ምን ያህል ሊያከራክር እንደሚችል አገራችን በቂ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ያስከተለው ሁሉ ይታወቃል። ከእርሱ ያነሰ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ነው። የውሉ 3ኛ አንቀጽ በእንግሊዝኛው ፍሰትን ስለ «ማረስት» ሲናገር፣ አማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ ይናገራል። የእንግሊዝኛው ግሥ ማስቆም ነው ወይስ መቀነስንም ይጨምራል? አንድ ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሳይደፈን ውኃው ሊቀንስ ስለሚችል ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የሕግ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። «ተካፈለ» ከግዕዙ «ከፈለ» የመጣ ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙ አንዱን ነገር ቈርሶ እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ መሄድ ነው። ወንድማማቾች ርስት ይካፈላሉ፤ ነጋዴዎች ትርፍ ይካፈላሉ። ከተካፈሉ በኋላ የጋራ የሚባል ነገር አይተርፍም፤ አንዱ የበለጠ ከወሰደም ሌላው ያንኑ ያህል ይጎድልበታል። «ተጋራ» ደግሞ ከ«ጋራ» የወጣ ነው። ነገሩ ሳይቈረስ ሁለት ወገኖች ይገለገሉበታል፤ ጎረቤቶች አንድ አጥር ይጋራሉ፣ ተማሪዎች አንድ የመኝታ ክፍል ይጋራሉ። እርግጥ ረቂቅ ስሞች ሲመጡ ወሰኑ ይደበዝዛል። «ሐዘኑን ተካፈልን» ስንል ሐዘን ቈርሰን አልወሰድንም፤ «በስብሰባው ተካፈለ» ሲባልም ስብሰባው አልተቈረሰም። እንደ መሬት፣ እንደ እህልና እንደ ውኃ ያለ የሚሰፈር ነገር ሲሆን ግን ተናጋሪው ሁለቱን ግሦች አይደባልቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ይፈቀድልን። በእንግሊዝኛ ተቀናቃኝን የሚያመለክተው «ራይቫል» የተወሰደው «ሪቫሊስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ላቲኑ ከአንድ ጅረት ውኃ የሚቀዱ ጎረቤቶችን ይጠራበት ነበር። በአማርኛም «ባላጋራ» የሚለው ቃል መልኩ ሲታይ «ባለ» እና «ጋራ» የተጣመሩበት ይመስላል።

ውኃን መካፈል

የመካፈልን ትርጉም በትክክል የሚያሳየው ስምምነት ለእኛ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1959 ግብፅና ሱዳን በተፈራረሙት ውል፣ በዓመት በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አስዋን ይደርሳል ተብሎ የተገመተው የዓባይ ውኃ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሆኖ ተደለደለ፤ ቀሪው 10 ቢሊዮን በትነትና በመሳሰለው ለሚጠፋው ተተወ። ከዚህ ውኃ ከ80 ከመቶ በላይ የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በውሉ ውስጥ የለችም። ሌሎች የተፋሰሱ አገሮች ድርሻ ቢጠይቁ ሁለቱ ተዋዋዮች በአንድ ድምፅ እንደሚመልሱ፣ የሚፈቀድ መጠን ቢኖርም ከሁለቱ ድርሻ እኩል እንደሚቀነስ ውሉ ይደነግጋል።

ይህን ውል በሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ «ክፍፍል»፣ «ድልድል»፣ «ኮታ» እና «ድርሻ» ያለ ችግር ይገባሉ። በተለይ «ድርሻ» ከ«ደረሰ» የተገኘ በመሆኑ፣ ከላይ ወርዶ ለአንድ ወገን የሚደርሰውን ውኃ ለመጥራት እጅግ የተስማማ ቃል ነው። ነገር ግን ቃሉ አንድ ነገርን ታሳቢ ያደርጋል፤ ይኸውም አስቀድሞ ሁሉም የተስማማበት ክፍፍል መኖሩን ነው። በርስት ክርክር «ድርሻዬ» የሚል ሰው የአባቱን ርስት ወሰን ጠቅሶ ነው። በክፍፍሉ ያልነበረ ወንድም ግን «ድርሻህ ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጥያቄው ራሱ ክፍፍሉን እንዲቀበል ያደርገዋል። ስለዚህ ሁሉም አገሮች ያልተዋዋሉበትን ወንዝ በሚመለከት ጽሑፍ ተርጓሚው «የውኃ ድርሻ» ከማለቱ በፊት የምንጩ ጽሑፍ በእርግጥ የተወሰነ መጠን ማለቱ መሆኑን ሊያጣራ ይገባል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1966 በዓለም አቀፍ ሕግ ማኅበር የወጡት የሄልሲንኪ ደንቦች «ሼር» የሚለውን ቃል ቢጠቀሙም፣ ድርሻው የውኃው ሳይሆን ውኃው የሚሰጠው ጠቃሚ አገልግሎት ድርሻ ነው። ከ«ውኃ» በፊት ያለውን «አገልግሎት» የጣለ ትርጉም ደንቡን ወደ 1959ኙ ውል ይለውጠዋል።

የኤኮኖሚ ባለሙያው ጥያቄ የሚጀምረው መጠን ከተቈጠረ በኋላ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ የትም ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ የሚሰጠው ጥቅም ግን እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለያያል። በተራራ ላይ የተርባይን ምላስ የሚያዞረው ውኃ ቊልቊል ወርዶ ሜዳ ላይ ጥጥ ያጠጣል። ጥጡን ያጠጣው ግን ዳግመኛ ተርባይን አያዞርም። እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት «ኮንሰምፕቲቭ» በሚለው ቅጽል ይገልጻል። ቃሉን «ፍጆታዊ» ብሎ መመለስ የተለመደ ቢሆንም፣ ኤሌክትሪክም «ይፈጃል» ስለሚባል አንባቢን ያሳስታል። «የሚያጎድል አጠቃቀም» እና «የማያጎድል አጠቃቀም» ማለት የተሻለ ይሆናል። ይሁንና የኃይል ማመንጫ ግድብ ጨርሶ አያጎድልም ማለት አይደለም። ሲሞላ ውኃ ያቆያል፤ ከሞላም በኋላ ከገጹ ላይ ይተናል። ስለዚህ «ማጉደል»፣ «ማቆየት» እና «ማባከን» ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በትርጉም ውስጥ መጠበቅ አለበት። በጋዜጣ ላይ ሦስቱም «ውኃ መቀነስ» ሲባሉ እናነባለን።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ቃል «ማርጂናል» ነው። የገጽ ዳርቻን የሚያመለክተው «ኅዳግ» ለዚህ በተገቢው መንገድ ተመርጧል፤ «ኅዳጋዊ ጥቅም» የመጨረሻዋ ተጨማሪ ሜትር ኩብ የምታስገኘው ጥቅም ነው። የውኃ ኤኮኖሚ መሠረታዊ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፦ የመጨረሻዋ ሜትር ኩብ በአንዱ አገር ትንሽ፣ በሌላው አገር ብዙ የምታስገኝ ከሆነ፣ ውኃውን አዛውሮ ትርፉን የሚካፈሉበት ውል ሁለቱንም ይጠቅማል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የምንካፈለው ትርፉን መሆኑን ልብ ይሏል።

ጥቅምን መጋራት

ይህ ሐሳብ በተግባር የዋለባቸው ውሎች ጥቂት ቢሆኑም ለስያሜ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1961 በካናዳና በአሜሪካ መካከል ተፈርሞ በ1964 በሥራ ላይ የዋለው የኮሎምቢያ ወንዝ ውል ነው። ካናዳ በግዛቷ ውስጥ ሦስት ግድቦች ሠርታ 19 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ለማቆየት ተስማማች። ከእነዚህ ግድቦች የተነሣ በታችኛው የአሜሪካ ክፍል ያሉት ማመንጫዎች የሚያገኙት ተጨማሪ ኃይል ተሰልቶ ግማሹ ለካናዳ እንዲሆን ተወሰነ። ካናዳም የመጀመሪያዎቹን 30 ዓመታት ድርሻ በ254 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሸጠችው። ከጎርፍ ለዳነው ንብረት ደግሞ አሜሪካ 64.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ልብ እንበል፤ በውሉ ውስጥ ማንም ለማንም ይህን ያህል ሜትር ኩብ ውኃ ድርሻህ ነው አላለም። አማርኛ «ከፈለ» በሚለው ግሥ መቊረስንም ገንዘብ መስጠትንም መግለጹ እዚህ ላይ መልካም አጋጣሚ ይሆናል፤ ውኃው አልተከፈለም፣ ስለ ውኃው ግን ተከፈለ።

ከስሌቱ ውጪ የቀሩም ነበሩ። ከግድቦቹ ኋላ በተኙት የካናዳ ሸለቆዎች መንደርና እርሻቸው በውኃ የተዋጠባቸው ሰዎች ግማሹ ኃይል ለአገራቸው በመድረሱ የደረሰላቸው ጥቂት ነው። «ጥቅምን መጋራት» የሚለው ሐረግ «በማን መካከል?» የሚል ጥያቄ አብሮት ሊጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካና ሌሶቶ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1986 የፈረሙት ውል ነው። ደቡብ አፍሪካ ያንኑ ውኃ ከሌሶቶ ውጪ፣ ከኦሬንጅ ወንዝ ዝቅተኛ ስፍራ በፓምፕ እየሳበች ልታገኝ ትችል ነበር፤ ይህም ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ከሌሶቶ ተራሮች ግን ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በሁለቱ ዘዴዎች ወጪ መካከል ያለው ልዩነት ተሰልቶ 56 ከመቶው ለሌሶቶ፣ 44 ከመቶው ለደቡብ አፍሪካ እንዲሆን ተደረገ፤ ውኃውም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ይሄዳል። እዚህ የተከፋፈሉት ውኃም ኃይልም ሳይሆን ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ነው። ይህን ፅንሰ ሐሳብ «የቀረ ወጪ» ብንለው አጭርና ግልጽ ይሆናል። አንዱን በመምረጥ የተተወውን የሌላ አማራጭ ጥቅም ደግሞ «የታለፈ አማራጭ ዋጋ» ማለት ይቻላል። ሁለቱን ማምታታት በኤኮኖሚ ትርጉሞች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው የሴኔጋል ወንዝ ነው። ማሊ፣ ሞሪታኒያና ሴኔጋል እ.ኤ.አ. በ1972 የጋራ ድርጅት መሥርተው፣ በ1978 የሚሠሯቸው ግድቦች የሦስቱም የጋራ ንብረት እንዲሆኑ ተስማሙ። የማናንታሊ ግድብ ያለው በማሊ ግዛት ውስጥ ቢሆንም ባለቤቱ ማሊ ብቻ አይደለችም። ከኃይሉ 52 ከመቶው ለማሊ፣ 33 ከመቶው ለሴኔጋል፣ 15 ከመቶው ለሞሪታኒያ ይሰጣል። ግድቡን ይጋራሉ፣ ኃይሉን ይካፈላሉ። ሁለቱን ግሦች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያንዳንዱን በቦታው ለመጠቀም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

በህንድና በፓኪስታን መካከል በዓለም ባንክ አደራዳሪነት እ.ኤ.አ. በ1960 የተፈረመው የኢንዱስ ውል ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ውኃን በመጠን ወይም ጥቅምን በስሌት በማደላደል ፈንታ ራሳቸውን ወንዞቹን ከፋፈለ፤ ሦስቱ የምሥራቅ ወንዞች ለህንድ፣ ሦስቱ የምዕራብ ወንዞች በመሠረቱ ለፓኪስታን ሆኑ። የመጨረሻው የመካፈል ደረጃ ይህ ነው፤ የጋራ ጉዳይ እንዳይኖር ማድረግ። ውሉ ጦርነቶችን አልፎ ለረጅም ጊዜ ቢጸናም፣ ህንድ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2025 ከሥራ ውጪ አድርጌዋለሁ ብላ አስታውቃለች።

ተርጓሚዎች «ጥቅምን መጋራት» የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣና ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ እንደሆነ ይሰማቸዋል። ገበሬው ግን ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች «መቀናጆ» ይገባሉ፤ በሬዎቹን ጠምደው የሁለቱንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ። በሬ ቢካፈሉት ሥጋ ይሆናል እንጂ እርሻ አይሆንም። መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ የሚሰጥ ሰውም መሬቱን አይቈርስም፤ የሚካፈሉት በአውድማ ላይ ያለውን ምርት ነው። በመስኖ አካባቢም የውኃ አባት ቦዩን ለገበሬዎች የሚያዳርሰው በአብዛኛው በተራ ነው፤ በሊትር ሰፍሮ አይሰጥም። የተለያዩ አገሮችን ግድቦች አንዱ የሌላውን የውኃ አያያዝ እያየ ማሠራትን ለሚገልጸው ስያሜ ከ«መቀናጆ» ጋር ሥሩን የሚጋራው «ቅንጅት» ከ«ትብብር» ይልቅ ይስማማል። «ትብብር» በጎ ፈቃድን ብቻ ይነግረናል። «ቅንጅት» ግን አንዱ በሬ ብቻውን ቢሄድ ትልሙ እንደሚበላሽ ያስታውሳል።

አንድ ቃል፣ ብዙ ሸክም

ከላይ ደጋግመን ያለ ማብራሪያ የተጠቀምንበት «ጥቅም» ራሱ ችግር አለበት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ ስሞች ያሏቸውን አገልግሎትን፣ ትርፍንና የአንድን ወገን ፍላጎት ብቻውን ይሸከማል። «ብሔራዊ ጥቅም» የተባለው ፍላጎት ነው፤ «የተጣራ ጥቅም» የተባለው ትርፍ ነው፤ «ውኃው ለምን ጥቅም ይውላል?» ሲባል ግን አገልግሎት ነው። በዚህ የተነሣ «አገሮቹ ጥቅማቸውን ይጋሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብሔራዊ ጥቅማቸውን አሳልፈው ይስጡ የሚል ሊመስል ይችላል። በውኃ ኤኮኖሚ ጽሑፎች ውስጥ «ጥቅም»ን ለትርፉ ብቻ ለይቶ፣ ለሌላው «አገልግሎት» ወይም «አጠቃቀም» ማለት፣ ፖለቲካዊውንም ዘወትር «ብሔራዊ» ከሚል ቅጽል ጋር መጻፍ ይበጃል። «ዋጋ»ም ተመሳሳይ ሸክም አለበት፤ የገበያ ተመንን፣ ወጪንና ክብርን በአንድነት ይገልጻል። «ውኃ ኤኮኖሚያዊ ዋጋ አለው» የሚለው የ1992ቱ የደብሊን መርሕ ለብዙ አንባቢ «ውኃ ይሸጥ» ማለት መስሎ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የሕጉ ቃላት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ የተቀበለውና በ2014 የጸናው ስምምነት ሁለት ምሰሶዎች አሉት። በአማርኛ አንደኛው «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም»፣ ሁለተኛው «ጉልህ ጉዳት ያለማድረስ» ተብለዋል። እነዚሁ መርሖች ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን በመጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በፈረሙት የመርሖች መግለጫ ውስጥም ይገኛሉ። «ፍትሐዊ» ከ«እኩል» መለየቱ ቢያንስ በጽሑፍ የጸና ይመስላል። «ፍትሕና ርትዕ» በሚለው የቆየ ጥምር ውስጥ ያለው «ርትዕ» ለእንግሊዝኛው ቃል የበለጠ ስለሚቀርብ «ርትዓዊ» ቢባል ይመረጥ ነበር፤ ሆኖም ቃሉ ጊዜው አልፎታል። «ምክንያታዊ» ግን እንደገና ሊታይ ይገባዋል። በአማርኛ «ምክንያት» ሰበብ ማለትም ስለሆነ፣ ሰበብ ያለው ሁሉ ምክንያታዊ ይሆናል። ዋናው ቃል የሚጠይቀው የሌላውን ሁኔታ ያገናዘበ፣ ልክ ያለው አጠቃቀምን ስለሆነ «ሚዛናዊ» ይሻላል።

«ጉልህ» የተሳካ ምርጫ ነው። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በመጀመሪያ ረቂቁ «አፕሪሺየብል» የሚል ቅጽል ተጠቅሞ ነበር፤ ቃሉ «ሊለካ የሚችል» ማለትም «ከፍ ያለ» ማለትም በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሲግኒፊካንት» በሚለው ተተካ። በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በመሣሪያ ብቻ የሚታወቅ ለውጥ ሁሉ ጉዳት ከተባለ ከላይ ያለ አገር አንድ ቦይ እንኳ ሊቀድ አይችልም። «ጉልህ» ለዓይን የሚታየውን ስለሚጠይቅ ይህን ወሰን ይጠብቃል። «ከፍተኛ» ግን ደረጃውን ከሚፈለገው በላይ ያወጣዋል።

በዚሁ መግለጫ ውስጥ፣ በተዋዋዮቹ መካከል መተማመንን ስለ ማጎልበት በሚናገረው ክፍል፣ ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘውን ኃይል ለመግዛት ለታችኛው ተፋሰስ አገሮች ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተጽፏል። ስለ ግድቡ በአማርኛ ከተጻፈው መካከል ስለ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩቡ የሚናገረው ይህን አንቀጽ ከሚያነሣው እጅግ ይበልጣል። ግድቡ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ከተነገረ በኋላም የክርክሩ መዝገበ ቃላት በአመዛኙ የመካፈል መዝገበ ቃላት ሆኖ ቀጥሏል። ለዚህ ተጠያቂዎቹ ተርጓሚዎች ብቻ ናቸው ለማለት አይቻልም፤ ፖለቲካው ራሱ በሜትር ኩብ መናገር ይወዳል። ነገር ግን ኃይልን፣ የደለልን መቀነስና የጎርፍን መገታት የሚያወሳ ጽሑፍ «የውኃ ክፍፍል» በሚል ርእስ ሥር ሲተረጎም አንባቢው ከመጀመሪያው መስመር በፊት ተሳስቷል።

በመጨረሻ ስለ «የውኃ ዋስትና»። እ.ኤ.አ. በ2010 ለፊርማ የቀረበው የዓባይ ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በ14ኛው አንቀጽ አንድ ንኡስ ክፍል ላይ ያልተፈታ ልዩነት ይዟል። አብዛኞቹ አገሮች አንዱ የሌላውን የውኃ «ሴኩሪቲ» በጉልህ ላለመንካት ሲስማሙ፣ ግብፅና ሱዳን ነባር አጠቃቀምና መብትም ጭምር እንዳይነካ ይጻፍልን አሉ። ስምምነቱ ያለ እነርሱ በጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጸንቷል። ቃሉን በአማርኛ «የምግብ ዋስትና» በሚለው አምሳል «የውኃ ዋስትና» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ይህንኑ አድርገዋል። ሆኖም ዋስትና ያለ ዋስ አይኖርም፤ ዋስም የገባው ነገር ቢጎድል ከኪሱ የሚሞላ ሰው ነው። ስለዚህ «የውኃ ዋስትና አይነካም» የሚል አንቀጽ ያነበበ የአማርኛ አንባቢ፣ አንዱ አገር ለሌላው የተወሰነ መጠን ውኃ ዋስ እንደገባ አድርጎ ይረዳዋል። ይህ ደግሞ አብዛኞቹ አገሮች አንቀበልም ያሉት ሐሳብ ነው። «የውኃ ደኅንነት» ቢባልም የውኃውን ንጽሕና ወይም ጥበቃውን ያስመስላል። ስምምነቱ ራሱ ቃሉን የሚተረጒመው ሁሉም የተፋሰሱ አገሮች ወንዙን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የማግኘትና የመጠቀም መብት አድርጎ ስለሆነ፣ «አስተማማኝ የውኃ ተጠቃሚነት» የሚለው ረዘም ቢልም ከትርጓሜው ጋር ይስማማል። «ዋስትና»ን የመረጠ ተርጓሚ ቢያንስ በመጀመሪያ በተጠቀመበት ስፍራ የስምምነቱን ትርጓሜ አብሮ ሊያሰፍር ይገባዋል።